ክሎሪን ጋዝ፣ አዮዲን ጠጣር፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከድሬዳዋ ከዚራ። ክሎሪን፣ ብሮሚንና አዮዲን አንድ ምድብ ውስጥ ናቸው። ታዲያ አንዱ ጋዝ፣ አንዱ ፈሳሽ፣ አንዱ ጠጣር የሆነው ቦንዳቸው ስለሚለያይ ነው?

ቦንዱን፣ ማለትም በሞለኪውሉ ውስጥ ሁለቱን አተሞች የሚያያይዘውን ኃይል፣ ለጊዜው ተወው። ብዙ ተማሪ የሚስተው እዚህ ጋ ነው። እንዲያውም የክሎሪን ቦንድ ከአዮዲን ይጠነክራል፤ ጋዙ ግን ክሎሪን ነው! ብሮሚን ሲተን ሁለቱ አተሞች አይለያዩም። የሚላቀቀው ሞለኪውሉ ከጎረቤቱ ነው። ስለዚህ ማየት ያለብህ ጎረቤታሞቹ ምን ያህል እንደሚሳሳቡ ነው።

ኤሌክትሮኖች አንድ ቦታ አይረጉም። ለቅጽበት ወደ አንድ ጎን ሲያጋድሉ ያ ጎን ኔጌቲቭ፣ ሌላው ፖዘቲቭ ይሆናል። የጎረቤቱም ኤሌክትሮኖች ይህን ተከትለው ያጋድላሉ፤ ሁለቱ ይሳሳባሉ። የፊዚክስ ሊቁ ፍሪትዝ ለንደን እ.ኤ.አ. በ1930 ያብራራው ኃይል ይኸው ነው። የክሎሪን ሞለኪውል 34 ኤሌክትሮን አለው፤ ብሮሚን 70፣ አዮዲን 106። ኤሌክትሮን ሲበዛና ሞለኪውሉ ሲተልቅ ማጋደሉ ይቀላል፣ ስበቱም ይበረታል። ክሎሪን ከዜሮ በታች በ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ብሮሚን በ59። አዮዲን ለመቅለጥ ብቻ 114 ገደማ ይፈልጋል።

ላብራቶሪ ካላችሁ መምህራችሁ ትንሽ አዮዲን በቴስት ቲዩብ እንዲያሞቁላችሁ ጠይቁ። ሐምራዊ ተን ይወጣል። ከፍ ብሎ ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ሲደርስ ተመልሶ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ ጠጣር ይሆናል። እስከመጨረሻው ያው አዮዲን ነው።

ከሐረር ጀጎል፦ ልጄ የሂሊየም ፊኛውን ፍሪዘር ውስጥ ከተተው። ፈሳሽ ይሆናል?

አይሆንም፣ ትንሽ ይኮማተራል እንጂ። ሂሊየም ያለው 2 ኤሌክትሮን ብቻ ስለሆነ ስበቱ እጅግ ደካማ ነው። ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ላይ ነው። የልጅዎ ሙከራ ግን ደስ ይላል፤ አይቆጡት።

ድሬዳዋ የምሠራ ነርስ ነኝ። የድሮው ቴርሞሜትር ውስጥ ያለው ሜርኩሪም ፈሳሽ የሆነው በዚሁ ኃይል ነው?

አይደለም። ሜርኩሪ ሜታል ነው፤ አተሞቹን የያዛቸው የሜታል ቦንድ ነው። በሜርኩሪ ይህ ቦንድ ደካማ ስለሆነ ከዜሮ በታች 39 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ቴርሞሜትሩ ከተሰበረ ተኑ መርዝ ነውና መስኮት ይክፈቱ፣ በእጅዎም አይንኩት።

ሌላም ሜታል አለ፣ ጋሊየም። 30 ዲግሪ ሳይሞላ ይቀልጣል። በግንቦት ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጡት ፈሳሽ ሆኖ ያገኙታል፤ ሐረር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነች እዚያ ብዙውን ጊዜ ጠጣር እንደሆነ ይውላል።