ግራጫ ግድግዳና የኮንክሪት ወለል ስላለው መግቢያ፦ በቅድሚያ ወለሉን ይመርምሩ

«የቤታችን መግቢያ ግድግዳው ግራጫ፣ ወለሉ ኮንክሪት ስለሆነ መጋዘን መሰለብን፤ ምን ዓይነት ቀለም ብንጨምርበት ይሻላል? ወለሉንስ የሚያብረቀርቅ ነገር ብናስቀባው ይሞቅ ይሆን?» ብለው ለጠየቁት አባላችን ይህን የምጽፈው፣ የእኛም መግቢያ ልክ እንደ እርስዎ ስለነበረ ነው። እስካሁን የተሰጡዎት መልሶች በአብዛኛው ስለ መስታወት፣ ስለ አበባ ማስቀመጫና ስለ ሥዕል ናቸው። ክፋት የላቸውም፤ ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ከሥራው በኋላ የሚመጡ ነገሮች ናቸው። ትክክለኛው ቅደም ተከተል በመጀመሪያ ወለል፣ ቀጥሎ መብራት፣ ከዚያ የግድግዳ ቀለም ነው። አብዛኛው ሰው ግን ከቀለም ናሙና ካርድ ይጀምርና ወደ ኋላ ይሠራል፤ ገንዘቡም የሚባክነው እዚያ ላይ ነው።

አንደኛ፦ ማንም ሰው ወለሉን እንዲቀባ ከመፍቀድዎ በፊት ውስጡ እርጥበት መኖር አለመኖሩን ራስዎ ይፈትሹ። «ደርቋል» የሚለውን ቃል ከባለሙያ አፍ ብቻ ሰምተው እንዳይቀበሉ። የእኛን ወለል የሠራው ሥራ ተቋራጭ «ኮንክሪቱ 28 ቀኑን ጨርሷል፤ ከእንግዲህ የፈለጋችሁትን ቀቡበት» ሲል ቅንጣት ጥርጣሬ አልነበረበትም። ይሁን እንጂ 28 ቀን ኮንክሪቱ የታቀደለትን ጥንካሬ ማግኘቱ የሚለካበት ዕድሜ እንጂ ውሃው ወጥቶ ያለቀበት ቀን አይደለም። በሙያው የተለመደው ግምት ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ወር ያህል ነው። ስለዚህ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ወለል ጣሪያ ከለበሰ በኋላ፣ አየር እያገኘና ዳግመኛ ውሃ ሳይነካው አራት ወር ገደማ መጠበቅን ይፈልጋል። ይህም ቢሆን ከሥሩ እርጥበት የሚከላከል ላስቲክ ለተነጠፈለት ወለል ነው። ላስቲክ ሳይነጠፍለት በአፈርና በድንጋይ ላይ የፈሰሰ ወለል ምንም ያህል ዓመት ቢቆይ ከታች እርጥበት መሳቡን አያቆምም፤ የእርስዎም መግቢያ በምድር ላይ ያረፈ ስለሚመስለኝ ይህን በጥብቅ እንዲያስቡበት እለምንዎታለሁ።

ተቋራጩ በዚህ ዓይነት ወለል ላይ ኢፖክሲ የሚባል፣ ሲደርቅ እንደ ፕላስቲክ የሚጠነክር የሚያብረቀርቅ የወለል ቀለም ቀባልን። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያየው ሁሉ አደነቀው። ከዚያ ግን ከበሩ ሥር ጀምሮ ትንንሽ እብጠቶች መታየት ጀመሩ። በጣት ሲጫኗቸው ይሰነጠቃሉ፤ ከሥራቸውም እርጥበትና ነጭ ዱቄት ይወጣል። ዱቄቱ ከኮንክሪቱ ውስጥ በውሃ ተሟሙቶ የመጣ ጨው ነው፤ ውሃው ሲተን እሱ ላዩ ላይ ይቀራል። ኢፖክሲው በሚፈላ ድስት ላይ እንደተጫነ ክዳን ሆኖ ነበርና እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ከሥሩ ገፍቶ አነሳው።

ወደ ተቋራጩ ድርጅት ቢሮ ስንሄድ የተቀበሉን ሰው ከመቀመጫቸው ሳይነሱ «ቤታችሁን ስታጸዱ ውሃ ታበዛላችሁ» አሉን። ፎቶግራፍ ስናሳያቸው ዋስትናው የሚመለከተው ቀለሙን እንጂ ወለሉን እንዳልሆነ ነገሩን፤ ቀለሙን የሸጡት፣ ወለሉን ያፈሰሱትና ቀቢውን የላኩት ራሳቸው ሆነው ሳለ ማለት ነው። በሌላ ቀን ደግሞ ከተቀመጡት ደንበኞች ፊት ባለቤቴን «የቤት ዕቃ ሲጎተት ያመጣው ጉዳት ነው» ብለው አሳፈሯት። እኔ በበኩሌ ክርክሩን ትቼ ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ላይ ላስቲክ ለጠፍኩ፤ እነሱ የላኩት ሠራተኛ መጥቶ ላስቲኩን በገዛ እጁ እንዲያነሳውም አደረግሁ። ከላስቲኩ በታች የተጠራቀመውን የውሃ ጠብታ ሲያይ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ከዚያ በኋላ ስልካችንን ማንሳት አቆሙ እንጂ። ገንዘባችንም አልተመለሰም። ለዚህ ነው ሙከራውን ከክፍያ በፊት፣ ተቋራጩም ባለበት ያድርጉት የምለው።

የሙከራው አደራረግ ቀላል ነው። 45 ሴንቲ ሜትር በ45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ቆርጠው ንጹሕ ወለል ላይ ያስቀምጡ፤ አራቱንም ጠርዞች አየር እንዳያስገቡ በጠንካራ ፕላስተር ያሽጉና ቢያንስ ለ16 ሰዓት ይተዉት። ፀሐይ በቀጥታ የምታርፍበትን ቦታ አይምረጡ። ሲያነሱት ከላስቲኩ ሥር ጠብታ ካለ ወይም ኮንክሪቱ ጠቆር ካለ መልሱን አግኝተዋል። ምንም ባይታይ ግን ወለሉ እስከ ውስጡ ደርቋል ማለት ስላልሆነ ኢፖክሲ የግድ ካሉ በተሰረሰረ ቀዳዳ ውስጥ የእርጥበት መለኪያ የሚያስገባ ባለሙያ ይጥሩ። ከላይ ብቻ ለሚደርቅ ወለል ቀዳዳው የውፍረቱን 40 በመቶ ያህል ይጠልቃል፤ 10 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ወለል 4 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ላዩን በመዳፉ ዳስሶ «ደረቅ ነው» የሚልዎትን ሰው በትሕትና ያሰናብቱት።

እኛ በመጨረሻ ኢፖክሲውን ሙሉ በሙሉ በግራይንደር አስፍቀን አስነሣነው፤ አቧራው በየክፍሉ ገብቶ ነበርና ይህን ሥራ ቤት ውስጥ እየኖራችሁ እንዳታሠሩት። ከዚያም ወለሉን ለረጅም ጊዜ ባዶውን ተውነውና ላዩ ላይ ሽፋን የማይሠራ፣ ወደ ውስጥ የሚሰርግ ማሸጊያ (ኮንክሪቱን ከውሃ የሚከላከል ፈሳሽ) ቀባነው። ልዩነቱን ይያዙልኝ። አክሪሊክ፣ ኢፖክሲና ፖሊዩሬቴን ላይ ላዩን ሽፋን ይሠራሉ፤ ያብረቀርቃሉ፤ ከሥራቸው እርጥበት ካለ ግን ይላጣሉ። ሲሌንና ሲሎክሴን የሚባሉት ግን ወደ ኮንክሪቱ ቀዳዳዎች ገብተው ውሃን ከላይ ይመልሳሉ፤ ከታች የሚመጣውን እንፋሎት ግን ያሳልፋሉ። የኮንክሪቱን መልክ እምብዛም ስለማይለውጡት ሻጮች ሊሸጡልዎ አይጓጉም፤ እኔ በደረሰብኝ ሁሉ መካከል የጠቀመኝ ይኸው ነው። በተጨማሪም መግቢያ ላይ ሰው በእርጥብ ጫማ ስለሚገባ የሚያብረቀርቅ ወለል ያዳልጣል፤ በበሩ መስታወት ፀሐይ የምትገባ ከሆነ ደግሞ ኢፖክሲ እየቆየ ወደ ቢጫነት ይሄዳል። ስለዚህ «ቢያብረቀርቅ ይሞቃል ወይ» ለሚለው ጥያቄዎ መልሴ አይሞቅም የሚል ነው፤ የመግቢያውን ቅዝቃዜ መልሶ ያንጸባርቅልዎታል እንጂ። ፀጉር የሚያካክሉ ቀጫጭን ስንጥቆች ቢያዩ አይደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ኮንክሪት ሲደርቅ የሚያመጣቸው ናቸው።

ሁለተኛ፦ መብራት። አምፖሉን ከቀለሙ በፊት ይግዙ። በአምፖሉ ካርቶን ላይ በኬልቪን የተጻፈውን ቁጥር ይመልከቱ፤ 6500 የሚለው ሰማያዊነት ያለው ቀዝቃዛ ብርሃን ነው፣ ከ2700 እስከ 3000 ያለው ደግሞ ወደ ቢጫ የሚያደላ ሞቅ ያለ ብርሃን ነው። ግራጫ ግድግዳና ኮንክሪት ባለበት መግቢያ 6500 ከሰቀሉ የፈለገውን ያህል ጌጥ ቢደረድሩ መጋዘንነቱ አይለቅም። ብርሃኑ የዕቃዎችን ቀለም ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚናገረው፣ ሲአርአይ (CRI) የሚባለው ቁጥር 90 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ይህ ቁጥር ዝቅ ሲል የእንጨትና የጨርቅ ቀለም ይሞታል። በጣሪያው መካከል የተንጠለጠለ አንድ አምፖል ወለሉን ብቻ አብርቶ ግድግዳውን ስለሚያጨልመው ከ1.5 እስከ 1.7 ሜትር ከፍታ ላይ ወደ ግድግዳው የሚረጭ ሌላ መብራት ይጨምሩ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው «አንዱ ይበቃል» ቢልዎት እሱ እዚያ ቤት እንደማይኖር ያስታውሱ።

ሦስተኛው የግድግዳው ቀለም ነው፤ እሱ ግን ከወለሉ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ለብቻው ቁጥር ሰጥቼ ልለየው አልችልም። የመጀመሪያውን ግራጫ የመረጠልን ቀቢ ነበር፤ የመረጠውም ወለሉ ገና ባዶ፣ መብራቱም ጊዜያዊ ሳለ ነው። ወለሉ ኢፖክሲ ሲቀባ ጠቆረ፤ ሽፋን የሚሠራ ማሸጊያ ኮንክሪትን ውሃ እንደነካው ያህል ያጠቁረዋልና። በዚህ ጊዜ ግድግዳው ሰማያዊ ሆኖ ታየን። ቀቢው ቀለሙን እንዳልለወጠ ይምል ነበር፤ እውነቱንም ነው፣ የተለወጠው ከጎኑ ያለው ነገር ነበር። ግራጫ ብቻውን አይታይም፤ ወለሉ የሚያንጸባርቅበትንና አምፖሉ የሚሰጠውን መልክ ይይዛል። ከጥቁርና ከነጭ ብቻ የተበጠበጠ ግራጫ ብዙ ጊዜ ወደ ሰማያዊነት ያደላል። ጥቂት ቡናማ ወይም ቢጫ የገባበት ግራጫ ግን ከኮንክሪት ጎን ሲሆን ይረጋጋል። ናሙናውን ነጭ ወረቀት አጠገብ ቢይዙት ወደየትኛው ቀለም እንደሚያደላ ወዲያው ያያሉ።

ከዚያ በኋላ ግድግዳው ላይ አንድም ሰው በቀጥታ እንዲቀባ አልፈቀድኩም። 60 ሴንቲ ሜትር በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰሌዳ ሁለት እጅ ቀለም አስቀብቼ፣ ታችኛው ጠርዙ የታሸገውን ወለል እንዲነካ አድርጌ አቆምኩት፤ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ መብራት በርቶ አየሁት። ቀቢው ይህን ሁሉ እንደ ቅንጦት ቆጥሮ ሲስቅ ነበር፤ አሁን ለሌሎች ደንበኞቹ ይኸንኑ እንደሚያደርግ ሰምቻለሁ፤ ምክሩን ከማን እንዳገኘ ግን እንደማይናገር እርግጠኛ ነኝ። ሰሌዳው ላይ እንዳየሁት ትልቁ ነገር ግድግዳውን ከወለሉ ጋር «ማዛመድ» የሚሉት ምክር አለመሥራቱ ነው፤ ሁለት ተቀራራቢ ግራጫዎች አንዱ ሌላውን የቆሸሸ ያስመስለዋል። ግድግዳው ከወለሉ በግልጽ ይንጣ። በናሙና ካርድ ላይ የብርሃን አንጸባራቂነት መጠን ከ0 እስከ 100 ይጻፋል፤ 0 ጥቁር፣ 100 ነጭ ነው። መስኮት ለሌለው መግቢያ ከ55 በታች እንዳይወርዱ እመክራለሁ። በግድግዳውና በወለሉ መካከል ደግሞ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ዞኮሎ ያስገቡ፤ ሁለቱን ግራጫዎች ይለያል፣ የመወልወያውንም እድፍ ይችላል። ጨርሶ የማያብረቀርቅ ቀለም መግቢያ ላይ የእጅና የቦርሳ እድፍ ይይዝና ሲያጥቡት ምልክት ይቀርበታል፤ በጣም የሚያብረቀርቀው ደግሞ ከጎን መብራት ሲያርፍበት የልስኑን ጉድለት ሁሉ ያወጣል። መካከለኛው፣ ሳቲን የሚባለው፣ ይበቃዎታል።

አሁን «ምን ዓይነት ቀለም እንጨምር» ወዳሉት እመለሳለሁ። አንድ ብቻ ይጨምሩ፤ ቦታውም የበሩ የውስጥ ገጽ ይሁን። የሸክላ ቀይ ወይም የሰናፍጭ ቢጫ ከሞቃት ግራጫ ጋር ይስማማል። እኛ ግን በሩን አላስቀባነውም፤ አሮጌውን ቀለም ልጠን እንጨቱን በማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ተውነው፤ ወደ ቤታችን የሚገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። የተቀረው ሙቀት ከዕቃ ይምጣ፦ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የእንጨት አግዳሚ ወንበር፣ ከእሱ በላይ የኮት መስቀያ። ሰው የሚያልፍበት ቦታ ከ90 ሴንቲ ሜትር እንዳይጠብ፣ በሩም ሲከፈት ከወንበሩ ጋር እንዳይጋጭ አስቀድመው ይለኩ። ኮንክሪትና ልስን ድምፅን ስለሚመልሱ መግቢያው ያስተጋባል፤ ወፍራም ምንጣፍና የተሰቀሉ ኮቶች ይህን በጣም ይቀንሱታል።

ስለ ምንጣፉ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ጀርባው ጎማ የሆነውን አይግዙ። በጎማው ውስጥ ያለው ማለስለሻ ወደ አክሪሊክ ማሸጊያ እየገባ ያለሰልሰዋል፣ ቀለሙንም ይለውጠዋል፤ ምንጣፉን ሲያነሱ ቅርጹ ወለሉ ላይ ታትሞ ይቀራል። ጀርባው ጨርቅ የሆነውን ይምረጡና እንዳይንሸራተት ጎማ የሌለበት መያዣ ከሥሩ ያድርጉ። ወለሉን በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ከመወልወል ይቆጠቡ፤ አሲድ ኮንክሪትን ይበላል፣ የበላበትም ቦታ ፈዞ ይቀራል። አሲድም አልካሊም ያልሆነ ለስላሳ ሳሙናና የተጨመቀ መወልወያ በቂ ነው። ማሸጊያው መሳሳቱን ለማወቅ በየጊዜው ሰው በሚበዛበት ቦታ ላይ ጥቂት ውሃ ያንጠባጥቡ፤ ውሃው ድቡልቡል ሆኖ ከቆመ ገና ይሠራል፣ ሰርጎ ኮንክሪቱን ካጠቆረው ግን ወለሉ በደንብ እንዲደርቅ ትተው እንደገና ይቀቡት።