ባክአፕ ጀምሮ ለማይጨርስባችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ዲስክ ጠጋኝ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ የምናወራው ጀምሮ ስለማይጨርስ ባክአፕ ብቻ ነው። ስትጠይቁ ሦስት ነገር ንገሩኝ። ከየት ወደ የት ነው የምትገለብጡት? በምን ፕሮግራም? ሲቆም መጨረሻ የታየው ፋይል ማን ይባላል? ይህን ካልነገራችሁኝ እኔ ጠንቋይ አይደለሁም። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፤ አዲሱ ባክአፕ አልቆ፣ ከውስጡም አንድ ሁለት ፋይል ከፍታችሁ ሳታዩ አሮጌውን እንዳታጠፉ።

የሌሊት ወፍ፦ ጋሼ፣ የኔ 87 ፐርሰንት ላይ ቀጥ ይላል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስቴም እዚያው። ከላፕቶፑ ሃርድ ዲስክ ወደ ውጫዊ ዲስክ ነው፣ በአንድ ነፃ የባክአፕ ፕሮግራም። መጨረሻ የሚታየው የልጄ ቪዲዮ ነው። እሱን ስከፍተውም መሃሉ ላይ ይንቀራፈፋል።

ዲስክ ጠጋኝ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው! ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ ፕሮግራሙን ተወው። ጥፋቱ ያለው እዚያች ቦታ ላይ ነው።

ዲስክ በትናንሽ ክፍልፋዮች የተከፋፈለ ነው፤ ሴክተር ይባላሉ። አንዷ ሴክተር 512 ወይም 4096 ባይት ትይዛለች። ዲስኩ አንዷን ማንበብ ሲያቅተው ቶሎ እጁን አይሰጥም። ደግሞ ይሞክራል፣ ደግሞ ይሞክራል። በአንዷ ሴክተር ላይ ብቻ ብዙ ሰከንድ ሊያባክን ይችላል። ሲሰለቸው ደግሞ ዊንዶውስ «እስቲ እንደገና» ይለዋል። የተበላሹት በመቶ የሚቆጠሩ ከሆኑ አስበው። አንተ የምታየው ፍንክች የማይል 87 ነው፤ ዲስኩ ግን ውስጥ ሲታገል ነው የሚያድረው።

አሁን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን ክፈት፤ የዲስክን ጤና የሚያሳይ ፕሮግራም ነው። ሦስት መስመር ብቻ ተመልከት፦ 05፣ ሲ5 እና ሲ6። 05 ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮች ናቸው። ሲ5 ማንበብ ያቃታቸውና ፍርድ የሚጠብቁ ናቸው። ሲ6 ደግሞ ተሞክሮ ተስፋ የተቆረጠባቸው። ሦስቱም ዜሮ ቢሆኑ ደስ ይለኛል። ቁጥሩ የሚጻፈው በ16 ቤት ስለሆነ ግን አትሸወድ፤ 10 ካለ 16 ማለት ነው።

ዜሮ ካልሆኑ አራተኛ ጊዜ አትሞክር። እያንዳንዱ ሙከራ የታመመውን ዲስክ እንደ ማስሮጥ ነው። ቪዲዮውን ዝለለውና ፎቶዎችህንና ሰነዶችህን መጀመሪያ በእጅህ አውጣ። የዊንዶውስን ዲስክ መፈተሻ፣ ቼክዲስክን፣ ከነስላሽ አሩ (/r) እንዳትነካው። ለመሆኑ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይላል?

የሌሊት ወፍ፦ ኧረ ምንም ድምፅ የለውም።

ዲስክ ጠጋኝ፦ ጥሩ። ቀጭ ቀጭ ቢል ኖሮ «አሁኑኑ አጥፋው» ነበር የምልህ። ቁጥሮቹን አይተህ ተመለስ።

አሮጌ ኪቦርድ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ቼክዲስክን ለምን ያስፈራሩበታል? እኔ ስንት ኮምፒውተር አድኜበታለሁ።

ሊኑክስ ወይም ሞት፦ ዊንዶውስ ላይ ምን አደረጋችሁ መጀመሪያ? በአርሲንክ፣ በፋይል መገልበጫው ትእዛዝ፣ አንድ መስመር ጽፋችሁ ትተኛላችሁ።

አሮጌ ኪቦርድ፦ መጣ ደግሞ። አርሲንክ የተበላሸ ሴክተር ያነብልሃል?

ሊኑክስ ወይም ሞት፦ አያነብም፤ ግን የትኛው ፋይል እንደከሸፈ ነግሮኝ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ያንተው 87 ላይ ቆሞ ያፈጣል።

ዲስክ ጠጋኝ፦ ሁለታችሁም በቃችሁ። አሮጌ ኪቦርድ፣ ቼክዲስክ የሚያስተካክለው የፋይሉን መዝገብ ነው፤ የተጎዳ ብረት አይጠግንም። ስላሽ አር ስትለው ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ያነበዋል። ለጤነኛ ዲስክ ምንም አይደል። ለሚሞተው ግን የመጨረሻ ሩጫው ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ዳታው ይውጣ፣ ጥገናው ይደርሳል።

ሚሚ 7፦ ባክአፕ አልሠራ አለኝ። እርዱኝ በናታችሁ።

ዲስክ ጠጋኝ፦ ከየት ወደ የት? በምን? ፋይሉስ?

ሚሚ 7፦ በላፕቶፕ።

ዲስክ ጠጋኝ፦ እህቴ፣ የመጀመሪያዋን አንቀጽ አንብቢና ተመለሽ።

ባለ ፍላሽ፦ 64 ጊጋ ፍላሽ ነው፣ 40 ጊጋ ባዶ አለው። 6 ጊጋ የሆነ ቪዲዮ ላይ ሲደርስ ቦታ የለም ብሎ ይቆማል።

ዲስክ ጠጋኝ፦ ፍላሹ ፋት32 በሚባለው በድሮው የፋይል አደረጃጀት የተሰናዳ ነው። እዚያ ላይ አንድ ፋይል 4 ጊጋ መሙላት አይችልም። ወደ አዲሱ፣ ወደ ኤክስፋት፣ ፎርማት አድርገው። ፎርማት ሁሉን ያጠፋል፤ በውስጡ ያለውን አስቀድመህ አውጣ።

ፖም ወዳጅ፦ ጋሼ፣ ማክ ላይ የራሱ ባክአፕ፣ ታይም ማሽን፣ «በማዘጋጀት ላይ» ብሎ ሦስት ሰዓት ሆነው።

ዲስክ ጠጋኝ፦ ማክ ብዙም አልነካም። ቻርጀሩን ሰክተህ አሳድረው።

ቀይ ብዕር፦ እኔ ልመልስለት። ማክ ታይም ማሽንን ሆን ብሎ ቀስ ያደርገዋል፣ የያዝከውን ሥራ እንዳያጨናንቅብህ። የመጀመሪያው ባክአፕ ከሆነ ወይም ሲስተሙን ገና አፕዴት ካደረግህ ረጅም ሰዓት መውሰዱ የተለመደ ነው። አንቲቫይረስ ካለህ ደግሞ የባክአፕ ዲስኩን እንዳይፈትሽ ንገረው።

ዲስክ ጠጋኝ፦ ተባረክ።

ዘጠና ዘጠኝ፦ የኔ ደግሞ 99 ላይ ይቆማል።

ዲስክ ጠጋኝ፦ ፋይሉ ማን ይባላል? ኧረ በፈጠራችሁ ሰዎች!

ዘጠና ዘጠኝ፦ ይቅርታ ጋሼ። ፋይሉ ይለዋወጣል። መጀመሪያ ላይ በሰከንድ 100 ሜጋ ይሮጣል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 5 ሜጋ ላይ ይወርድና ይንፏቀቃል። አዲስ ውጫዊ ዲስክ ነው፣ ትንሹ ዓይነት።

ዲስክ ጠጋኝ፦ ይኼንን ነበር የምጠብቀው! አልቆመም፤ ደክሞት ነው። ብዙዎቹ ትናንሽ ውጫዊ ዲስኮች የሚጽፉት በተደራረበ መስመር ነው፤ ኤስኤምአር ይሉታል። መስመሮቹ እንደ ዓሣ ቅርፊት አንዱ የሌላውን ጫፍ ይሸፍናል። ብዙ ዳታ በጠባብ ቦታ ለማጨቅ ጥሩ ነው። ችግሩ፣ አንዱን መስመር መልሰህ ስትጽፍ ጎረቤቱንም መጻፍ አለብህ። ስለዚህ ዲስኩ የመጣለትን መጀመሪያ በጊዜያዊ ማረፊያ ያስቀምጣል፣ በኋላ ቀስ ብሎ ያደላድላል። ማረፊያው እስኪሞላ ይበርራል። ከሞላ በኋላ ያው ያየኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 አምራቾች ይህንን ዓይነት ዲስክ ሳይናገሩ ይሸጡ እንደነበር ሲታወቅ ብዙ ሰው ተናዶ ነበር። እኔ እስካሁን አልበረደልኝም። ዲስኩ አልተበላሸብህም፤ እየገዛህ የነበረውን አልነገሩህም እንጂ። አሁን መብራቱ ብልጭ ብልጭ ካለ ተወው፣ ይጨርሳል። መሃል ላይ ብትነቅለው ግን እንደገና ከዜሮ ልትጀምር ትችላለህ።

ሊኑክስ ወይም ሞት፦ አርሲንክ ቢሆን ኖሮ ካቆመበት…

ዲስክ ጠጋኝ፦ ሰምተንሃል።

ባዶ ስድስት፦ የኔ እያንዳንዱ ጊዜ ሌላ ቦታ ላይ ነው የሚቆመው። ብዙ ጊዜ ትቼው ስሄድ ነው። የዩኤስቢ ሃብ ላይ ነው የሰካሁት።

ዲስክ ጠጋኝ፦ ኮምፒውተሩ እንቅልፍ እየወሰደው ነው፤ መጀመሪያ እንዳይተኛ ከሴቲንጉ አስተካክለው። ቀጥሎ ሃቡን አውጥተህ ዲስኩን በቀጥታ ሰካው። ዩኤስቢ 2 የሚሰጠው 500 ሚሊአምፒር ነው፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900። ያንን ለአራት ዕቃ ስታካፍለው ዲስኩ ይራባል። ኬብሉንም ቀይር። እኔ ራሴ አንዴ ዴስክቶፕ ላይ አንድ ሳምንት ሙሉ ፕሮግራም ስቀያይር ከርሜ ጥፋተኛው ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው የሳታ ኬብል ሆኖ ተገኘ። ፊት ለፊቴ ነበር። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ላይ ሲ7 የሚባለው፣ በሌላ አጻጻፍ 199፣ በኬብሉ ላይ የሚደርስ ስህተት የሚቆጥረው መስመር በየቀኑ ሲጨምር እያየሁት «ምን ይሆን» እል ነበር።

ደመና፦ ወደ ክላውድ 500 ጊጋ እየላክሁ ነው፣ ሁለት ቀን ሆነው። ኢንተርኔቴ ወደ ላይ 10 ሜጋቢት ነው።

ዲስክ ጠጋኝ፦ አራት ቀን ተኩል ገደማ ይፈጃል፣ ያውም አንዴም ካልተቋረጠ። አልቆመም።

ሚሚ 7፦ ተመለስኩ። ከላፕቶፕ ወደ ውጫዊ ዲስክ ነው፣ በዊንዶውስ በራሱ ባክአፕ። የፋይል ስም አያሳየኝም፣ ዲስኩ ሞልቷል ይላል እንጂ። የድሮውን ባክአፕ ላጥፋና ቦታ ላስለቅቅ?

ዲስክ ጠጋኝ፦ አይሆንም! ከመጀመሪያው ምን አልኩ? አሮጌውን አጥፍተሽ አዲሱ መሃል ላይ ቢቆም በእጅሽ የሚቀር የለም። ሌላ ዲስክ ፈልጊ፣ ተውሰሽም ቢሆን።

የሌሊት ወፍ፦ ጋሼ፣ ተመለስኩ። 05 ዜሮ ነው። ሲ5 ላይ 48 ይላል። 72 ማለት ነው አይደል?

ዲስክ ጠጋኝ፦ 72 ነው፤ ጎበዝ። ምን ምን አወጣህ?

የሌሊት ወፍ፦ ፎቶዎቹ ሁሉም ወጡ፣ ሰነዶቹም። ቪዲዮውን ዘለልኩት። ግን ጋሼ፣ የልጄ የመጀመሪያ እርምጃ እሱ ላይ ብቻ ነው ያለው።

ዲስክ ጠጋኝ፦ እንግዲያው አሁን ላፕቶፑን አጥፋ። ዳግም እንዳትከፍተው፣ ለማየት ብለህም ቢሆን። ከዚያ ዲስክ የሚበልጥ ባዶ ዲስክና አንድ ፍላሽ አዘጋጅ። ነገ ማታ ዲዲሬስኪው የሚባለውን አብረን እናስኬዳለን። እሱ መጀመሪያ ደህናውን ሁሉ ይገለብጣል፣ ከዚያ ወደ ተበላሹት ሴክተሮች ተመልሶ ይታገላል። ያቃተው ቦታ ላይ ምስሉ ትንሽ ይዘል ይሆናል።

ሊኑክስ ወይም ሞት፦ ዲዲሬስኪውን ከሊኑክስ ፍላሽ ላይ ነው የምታስነሱት፣ ልብ በሉልኝ።

ዲስክ ጠጋኝ፦ አዎ፣ አዎ። ፍላሹን አንተ አዘጋጅለት።