ኑጉ ሞልቶ ወፉ ለምን ጠፋ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። በጋ ላይ ጓሮዬ ውስጥ፣ በኩሽናው መስኮት በኩል፣ የወፍ መመገቢያ ቱቦ ሰቅዬ ኑግ ሞላሁበት። ኦገስት ላይ ቢጫ ወፎች ይሻሙበት ነበር። አሁን ኖቬምበር ገብቶ አንድም ቢጫ አላይም። አልፎ አልፎ ቡናማ ትንንሽ ወፎች መጥተው አንድ ሁለቴ ለቀም አድርገው ይሄዳሉ። ቱቦው እንደሞላ ነው፤ ያኔ የገዛሁት ትልቅ ከረጢትም ገና አላለቀም። ባለቤቴ ‹ወፎቹ ከሄዱ የገና ጾም እየገባ ነው፣ ለእኛ ቁይው› እያለ ይቀልድብኛል። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ወፎቹ የሄዱ አይመስለኝም። ቢጫዎቹ ጎልድፊንች የሚባሉት ናቸው፤ ሜሪላንድ ውስጥ ክረምት ከበጋ አይጠፉም። የሚጠፋው ቢጫው ነው። ወንዱ በበጋ ደማቅ ቢጫ ሆኖ ግንባሩ ላይ ጥቁር ቆብ ይደፋል፤ በጋው ሲያልቅ ግን ላባውን ይለውጥና እንደ ሴቷ ደብዘዝ ያለ ቡናማ ይሆናል። ስለዚህ አሁን የሚያዩዋቸው ቡናማዎች የኦገስቶቹ ደንበኞችዎ ሊሆኑ ይችላሉ። ክንፋቸውን ልብ ብለው ይዩት። ክንፉ ጥቁር ሆኖ ነጣ ያለ መስመር ካለበት፣ ደረቱ ደግሞ ንጹሕ ከሆነ ጎልድፊንች ነው። ደረቱ ላይ ቡናማ ጭረት ጭረት ካለ ሌላ ወፍ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሀውስ ፊንች።

እኔን ያሳሰበኝ ለቀም አድርገው መሄዳቸው ነው። ጎልድፊንች ኑግ ካገኘ ተደላድሎ ተቀምጦ ይፈለፍላል እንጂ ቀምሶ አይነሳም። ቀምሶ ከተነሳ ኑጉ ከርሟል ማለት ነው።

ከረጢቱ ላይ «ናይጀር» ቢባልም የእኛው ኑግ ነው፤ ከኢትዮጵያም ከሕንድም ይመጣል። ወደ አሜሪካ ሲገባ ግን አብሮት የሚመጣ የአረም ዘር እንዳይበቅል በ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ለ15 ደቂቃ እንዲቆይ ይደረጋል። በዚያ ላይ መጋዘን፣ መርከብ፣ ሱቅ፣ ከዚያም የእርስዎ ጋራዥ አለ። ወፏ የምትፈልገው ዘይቱን ነው፤ ዘይቱ ከደረቀ ወይም ከቆመጠጠ ደግሞ ዘወር ብላ አታየውም። መሞከሪያው ቀላል ነው፤ ጥቂት ፍሬ ነጭ ወረቀት ላይ አድርገው በማንኪያ ጀርባ ይጨፍልቁት። ወረቀቱ ላይ የቅባት ነጠብጣብ ከተወ ደህና ነው። ደርቆ ዱቄት ብቻ ከሆነ ወይም የሻጋታ ሽታ ካለው ከረጢቱን እንዳለ ይጣሉት። ባለቤትዎም እንዳይመኙት፤ ለወፍ የታሸገ ኑግ ለሰው ምግብነት ተበጥሮና ተመርምሮ የወጣ አይደለም።

ከእንግዲህ በትልቅ ከረጢት አይግዙ። ዋጋው እንደሚያጓጓ አውቃለሁ፤ ግማሹ የሚጣል ከሆነ ግን ርካሽነቱ የት ላይ ነው? በአንድ ወር የሚያልቅ ብቻ ይግዙና ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ውስጥ ፍሪዘር ያስገቡት። ከሐበሻ ሱቅ የሚገዛውም ይሆናል፤ ጥሬ ከሆነና ጨው ካልገባበት። የተቆላ ወይም የተፈጨ ግን አይሆንም።

አሁን ወደ ቱቦው እንምጣ። የኑግ ቱቦ ቀዳዳዎች ቀጫጭን ስንጥቆች ናቸው፤ ፍሬው በራሱ እንዳይፈስ ነው። ችግሩ ወፎቹ የላይኛውን እየበሉ እርስዎም ከላይ እየጨመሩ ሲሄዱ የታችኛው ኑግ ለወራት አለመነካቱ ነው። ዝናብ በስንጥቁ ይገባና እንደ ጭቃ ያረጋዋል። ውጭውን አይተው «ሙሉ ነው» ይላሉ እንጂ ከታች ያለው ሻግቷል። ዛሬውኑ አውርደው ሙሉ በሙሉ ይገልብጡት። በሙቅ ውሃና በሳሙና በረጅም ብሩሽ ይፈትጉት፤ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠው ለ10 ደቂቃ ይዘፍዝፉት። አለቅልቀው ፀሐይ ላይ ያድርቁት። ውስጡ ጠል ካለው ኑግ አይጨምሩ፤ ሰዎች እዚህ ላይ ይቸኩሉና በሳምንቱ መልሶ ይሻግትባቸዋል። ሲመልሱት እስከ ሩቡ ድረስ ብቻ ይሙሉት። ከላዩ ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ጉልላት ቢያደርጉለት ዝናቡን ይመልስለታል። በጨርቅ ከረጢት የሚሸጠውን መመገቢያ እኔ አልወደውም፤ አንዴ ከራሰ ቶሎ አይደርቅም።

ጽዳቱን በየሁለት ሳምንቱ ይድገሙት። የምጨቀጭቅዎት ለወግ አይደለም፤ እርስዎ ያሉበት አካባቢ በወፍ ዓይን በሽታ ታሪክ አለው። ሀውስ ፊንችን ዓይኑን አሳብጦ የሚያሳውረው የዶሮ በሽታ ተዋሲ በዱር ወፎች ላይ መጀመሪያ የታየው በ1994 በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ነው፤ ከዚያ በብዙ ግዛቶች ተዛመተ። ጎልድፊንችንም ይይዛል። የታመመው ወፍ ዓይኑን ስንጥቁ ጫፍ ላይ ያሻሻል፣ ጤነኛው ተከትሎ እዚያው ይቀመጣል፤ ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ ማለት ይኸው ነው። ዓይኑ ያበጠ ወይም የደረቀ ምግል የያዘው ወፍ ካዩ መመገቢያውን አውርደው ያጽዱ፤ ወፎቹ እንዲበተኑም ሁለት ሳምንት ያህል አይስቀሉት።

ከቱቦው ሥር የሚከመረው ጥቁር ነገር አብዛኛው ቅርፊት ነው። ወፏ ፈልፍላ ውስጡን ትበላለች፣ ልጣጩን ትጥላለች። አባከኑት ብለው አይዘኑ፤ ግን ጠርገው ያንሱት፣ ከራሰ ይሸታል፤ አይጥም ይጠራል።

መስኮቱን በተመለከተ፣ ቱቦው ወይ ከመስታወቱ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ይሁን፣ ወይ ከ9 ሜትር በላይ ይራቅ። ቅርብ ከሆነ ወፉ ሲደነግጥ ፍጥነት ሳያገኝ ነው መስታወቱን የሚነካው። መካከለኛው ርቀት ነው አንገት የሚሰብረው። ማራቅም ማቅረብም ካልቻሉ መስታወቱን ከውጭ በኩል በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ነጠብጣብ ይለጥፉበት።

የጓሮ ሠራተኛ ስለሆንኩ አንድ ነገር ልጨምር። የደረቀ ሱፍ አበባና ኮንፍላወር የሚባለው አበባ ካለዎት እስከ ስፕሪንግ አያስቆርጡት። ጎልድፊንች ከሞላ ጎደል በዘር ብቻ የሚኖር ወፍ ነው፤ የደረቀው አበባ ራስ ላይ ተንጠልጥሎ ዘሩን ይለቅማል፣ እግረ መንገዱንም ቱቦዎን ያያል።

አዲሱን ኑግ ከሞሉ በኋላ ሁለት ሳምንት ይታገሱ። ካልመጡ ቱቦውን ሊሸሸጉበት ወደሚችሉ ቁጥቋጦ ጠጋ አድርገው ይስቀሉት። የሌላ እህል ቅልቅል አይጨምሩበት፤ ትልልቁ ፍሬ በስንጥቁ አይወጣም፣ ሽኮኮ ግን ይስባል። ኑግ ብቻውን ሲሆን ሽኮኮዎቹ ብዙም አይጓጉለትም።