ወላጅ ሲናገር ማን ይስማ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከወላጆች የሚደርሱኝ መልእክቶች አብዛኞቹ ስለ ልጅ ጠባይና ስለ ቤት ሥራ ናቸው። ለዛሬ ግን ለየት ያሉትን መርጫለሁ። ጸሐፊዎቹ ከራሳቸው ልጅ አልፈው ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ መንገዱ መናገር የጀመሩ፣ ወይም «እናንተ ተናገሩልን» ተብለው የጨነቃቸው ወላጆች ናቸው። ረዘም ያሉትን አሳጥሬያቸዋለሁ። በመልሶቼ የምጠቅሳቸው የውጭ አገር ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ለወላጆች የአመራር ሥልጠና ተብሎ ስሜ ተመዘገበ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። የተማሩ ሰዎች መሃል ገብቼ ምን ልናገር ነው? እዚያ የሚያስተምሩትስ ምንድን ነው?» (የሦስት ልጆች እናት)

እህቴ፣ ሂጂ። ደህና ሥልጠና ከሆነ ልጅ እንዴት እንደሚያድግ ሊሰብክሽ አይደለም የጠራሽ፤ ሦስት ልጅ አሳድገሻል። እዚያ የምትማሪው ውሳኔ በየት በኩል አልፎ ውሳኔ እንደሚሆን ነው። በጀቱን ማን ያጸድቃል? መምህር ሲጎድል ማን ይቀጥራል? አቤቱታ የሚገባው ለየትኛው ቢሮ ነው? ብዙ ወላጅ ዓመት ሙሉ የሚለፋው ሊወስን ለማይችል ሰው እያስረዳ ነው። ጥበቃው፣ ጸሐፊዋ፣ የክፍል ኃላፊዋ ሁሉም ያዝናሉ፣ ሁሉም «ልክ ነሽ» ይላሉ፤ ነገሩ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም።

በዚህ ሥራ ስሙ ከሚነሳው አንዱ በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተጀመረው የወላጆች ማሠልጠኛ ነው። ኮርሱ 20 ሳምንት ይፈጃል። ተሳታፊዎቹ መጀመሪያ ስለ ራሳቸውና ስለሚኖሩበት አካባቢ ይነጋገራሉ፤ ቀጥለው ወደ ሕግ፣ ወደ በጀትና ወደ አስተዳደር አሠራር ይገባሉ። እያንዳንዱ ወላጅ በአካባቢው አንድ የሚጨበጥ ሥራ መሥራትም ይጠበቅበታል። ወላጆቹ ሲማሩ ልጆቻቸውን የሚጠብቅላቸው ሰው አለ፣ ምግብም ይቀርባል። እኔ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው። ልጅ የሚይዝለት የሌለው ወላጅ የቱንም ያህል ቢፈልግ ሥልጠና ላይ አይገኝም፤ ከዚያ «ወላጆች ፍላጎት የላቸውም» የሚል ሪፖርት ይጻፍበታል። የጠሩሽን ሰዎች ከመሄድሽ በፊት ልጆችሽን ምን እንደምታደርጊያቸው ጠይቂያቸው። መልሳቸው ሥልጠናው ለማን እንደተዘጋጀ ይነግርሻል።

«በትምህርት ቤቱ ኮሚቴ የወላጆች ተወካይ ነኝ። ስብሰባ ስንገባ ያለቀለት ወረቀት ይቀርብልናል፣ እንፈርማለን፣ እንወጣለን። አንድ ቀን ጥያቄ ባነሳ ሰብሳቢው ‹ጊዜ የለንም› አሉኝ። ከመፈረም በቀር ምን ማድረግ እችላለሁ?» (ለፊርማ ብቻ የተመረጥኩ)

ወንድሜ፣ የጻፉልኝ ነገር ከየአቅጣጫው የሚመጣ ነውና ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ሕጉ ለወላጅ ሥልጣን የሰጠባቸው አገሮች ጥቂት አይደሉም። የደቡብ አፍሪካ የትምህርት ቤቶች ሕግ (1996 እ.ኤ.አ.) በትምህርት ቤቱ አስተዳደር አካል ውስጥ ድምፅ ካላቸው አባላት ወላጆች አብላጫ እንዲሆኑ ያዛል። ዓመታዊ በጀቱም ቢያንስ 30 ቀን ቀድሞ በተጠራ የወላጆች ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ቀርቦ መጽደቅ አለበት። የሕንድ የ2009 ሕግ ደግሞ ከትምህርት ቤት አስተዳደር ኮሚቴ ሦስት አራተኛው ወላጅ ወይም አሳዳጊ፣ ግማሹም ሴት እንዲሆን ደንግጓል። በአሜሪካ ቺካጎ በ1988 የወጣ ሕግ ለየትምህርት ቤቱ ምክር ቤት አቋቁሞ ለወላጆች 6 መቀመጫ ሰጠ፤ ርዕሰ መምህሩን የሚመርጠውም ይኸው ምክር ቤት ነው።

መቀመጫው ቢኖርም ግን የእርስዎ ችግር እዚያም ያጋጥማል። በጀት ማንበብ ያልለመደ ወላጅ ወረቀቱ ሲደርሰው ያፍራል፣ አፍሮም ይፈርማል። ሥልጠና የሚያስፈልገው ለዚህች ቅጽበት ነው።

የእርስዎ ኮሚቴ መተዳደሪያ ደንብ ይኖረዋል። ፈልገው ያንብቡት፤ ብዙ ጊዜ አጀንዳና ሰነድ ከስብሰባው ስንት ቀን ቀድሞ እንደሚደርስ የሚናገር አንቀጽ አለው። ካለው ሰብሳቢውን መለመን ቀረልዎት፣ አንቀጹን መጥቀስ ይበቃል። ከሌለው ደግሞ እንዲጨመር ሐሳብ ያቅርቡ።

በጀቱ እጅዎ ሲገባ ሁሉንም ቁጥር ለማወቅ አይድከሙ። ሁለት ዓምድ ብቻ ይፈልጉ፤ አንዱ «የተያዘ»፣ ሌላው «ሥራ ላይ የዋለ» ይላል። ጎን ለጎን እያዩ ይውረዱ። ለጥገና የተያዘው ገንዘብ ሳይነካ ቁጭ ብሎ የሁለተኛ ክፍል ጣሪያ የሚያፈስ ከሆነ ጥያቄዎ ተገኘ ማለት ነው። ጥያቄውንም እንዲህ አጭር ያድርጉት፦ «ለጥገና ከተያዘው ውስጥ እስከዛሬ ስንት ወጣ? ቀሪው መቼ ይወጣል?» ቁጥር የጠየቀ ሰው በንግግር አይሸኝም።

«ጊዜ የለንም» ካሉ ደግሞ ድምፅዎን ሳያነሱ «እንግዲያው ልዩነቴ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብልኝ» ይበሉ። ከዚያ ጸሐፊው ሲጽፍ ይጠብቁ፣ ከመፈረምዎ በፊትም የተጻፈውን ያንብቡ። ልዩነት የሰፈረበት ቃለ ጉባኤ ነገ ኦዲተር ወይም የበላይ አካል ሲመጣ የሚነበብ ሰነድ ስለሆነ ሰብሳቢው አቅልሎ አያየውም። ብቻዎን ልዩነት ከማስመዝገብ ግን ከስብሰባው በፊት አንድ ሌላ ወላጅ አግኝቶ መነጋገር ይሻላል። ስብሰባ ላይ የሚያሸንፈው ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ ከስብሰባው በፊት የተወራ ነው።

«ሕዝብ ፊት ስቆም ድምፄ ይንቀጠቀጣል። መድኃኒት ይኖረዋል?» (አፍራም አባት)

ይንቀጠቀጥ። ለልጁ ሲናገር ድምፁ የተንቀጠቀጠ አባት ማንም አይስቅበትም። የሚጎዳዎት የት እንደሚጨርሱ ሳያውቁ መነሳትዎ ነው። አራት ዓረፍተ ነገር ጽፈው ይያዙ። ለምሳሌ፦ «የአራተኛ ክፍል ተማሪ አባት ነኝ። የሴቶች ልጆች መጸዳጃ ቤት ከመስከረም ጀምሮ በር የለውም፤ ልጄ ቤት እስክትደርስ ውሃ አልጠጣም ትላለች። በሩ ከወሩ መጨረሻ በፊት እንዲገጠም እጠይቃለሁ። ይህንን የሚወስነው ማን እንደሆነ አሁን ይነገረን።» ካነበቡ በኋላ ይቀመጡ። ትንሽ ዝምታ ቢሆንም አይሙሉት፣ መልስ መስጠት የእነሱ ፈንታ ነው። ጮክ ብለው ቤት ውስጥ መለማመድዎን ግን አይርሱ፤ በልብ ማንበብ አይቆጠርም።

«ልጄ ኦቲዝም አለበት። ትምህርት ቤቱ ‹ለእሱ የሚሆን ነገር የለንም› ብሎ መለሰኝ። ዘመዶቼ ‹ተቀበይውና ቤትሽ አሳድጊው› ይላሉ። መታገል ደክሞኛል፣ መተውም አልሆነልኝም።» (የአንድ ልጅ እናት)

አንቺ የጻፍሽውን ከሃምሳ ዓመት በፊት የነበሩ እናቶች ቃል በቃል ብለውታል። በአሜሪካ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ብዙ ግዛቶች «ሊማር አይችልም» ያሉትን ልጅ በሕግ ከትምህርት ቤት ማስቀረት ይችሉ ነበር። በፔንስልቬንያ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ወላጆች ማኅበር በ1971 ግዛቲቱን ከሰሰ፤ በቀጣዩ ዓመት ጉዳዩ እልባት አግኝቶ ልጆቹ ነፃ የሕዝብ ትምህርት እንዲያገኙ ተወሰነ። በ1975 ደግሞ ለመላው አገሪቱ ሕግ ወጣ። ያ ሕግ ልጁ በገበታው እንዲቀመጥ ከመፍቀድ አልፎ፣ የልጁ የትምህርት ዕቅድ ሲወጣ ወላጁ አብሮ እንዲቀመጥ አደረገ። ወላጅ ሳይዘጋጅ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ምን ይፈይዳል የሚለው ጥያቄ ተከተለ፤ መብታቸውን የሚያስረዱና የሚያሠለጥኑ የወላጆች ማዕከላት በየግዛቱ የተከፈቱት በዚህ ምክንያት ነው። ዓለም አቀፉ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም (2006 እ.ኤ.አ.) በአንቀጽ 24 አካል ጉዳተኛ ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከመደበኛው ትምህርት እንዳይገለል ይላል። አብዛኞቹ የዓለም አገሮች አጽድቀውታል።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ትምህርት ቤቱ የመለሰልሽ በቃል ነው፤ የቃል መልስ ደግሞ ነገ «አላልንም» ይባላል። ስለዚህ ጥያቄሽን በደብዳቤ አስገቢ፣ ግልባጩ ላይ የተቀበለሽ ሰው ቀን ጽፎ እንዲፈርምበት አድርጊ፣ መልሱንም በጽሑፍ ጠይቂ። ብዙ ተቋም በአፉ የሚለውን በማህተም ማለት ይፈራል፤ አንዳንዴ ደብዳቤው ብቻ በር ይከፍታል። ስለ ልጅሽ ስትጽፊ የማይችለውን ከመዘርዘርሽ በፊት የሚችለውን አስቀድሚ። ስንት ደቂቃ ይቀመጣል? ምን ያረጋጋዋል? ድምፅ ሲበዛበት ምን ያደርጋል? መምህሯን የሚያስፈራት አለማወቋ ነው፤ ይህን ወረቀት ካንቺ በተሻለ የሚጽፍላት የለም።

ድካምሽ ግን በደብዳቤ አይፈታም። እንዳንቺ የተመለሰች ሌላ እናት ፈልጊ። ከሕክምና ወረፋም ይሁን ከሠፈር፣ አንዷን ካገኘሽ ሦስተኛዋን እሷ ታውቃታለች። ሦስት እናቶች የፈረሙበት ደብዳቤ ሲገባ ነገሩ «የአንዲት እናት ጭቅጭቅ» መሆኑ ይቀራል። አንቺ የደከመሽ ሳምንትም ሌላዋ ትሄዳለች። ዘመዶችሽን በተመለከተ፣ ልጅን መቀበልና ቤት መዝጋት አንድ እንዳልሆነ አንዴ ንገሪያቸው፣ ከዚያ በኋላ አትከራከሪ።

«ስለ መምህሯ ቅሬታ ባቀርብ በልጄ ላይ ብትበቀልስ?» (ስሜ ይቆይ)

አትበቀልም ብዬ ልዋሽዎት አልችልም። ፍርሃቱ የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። አደጋውን መቀነስ ግን ይቻላል። መጀመሪያ መምህሯን ራሷን ያነጋግሯት፤ ከበላይዋ የሰማች ሰው ተከሰስኩ ትላለች። ካልሆነ የሌሎች ልጆች ወላጆችን ይዘው ይሂዱ፣ ስለ ሴትየዋ ሳይሆን ስለተደረገው ነገር ይናገሩ። «ክፉ ናት» ከማለት «ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን የቤት ሥራ ሳይታረም ተመለሰ» ማለት ለእሷም ማስተካከያ ይሰጣታል። ድብደባ ወይም ጥቃት ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ይዝለሉትና በዚያው ቀን ለሚመለከተው አካል በጽሑፍ ያመልክቱ።

«ለአርባ ወላጆች የሦስት ቀን ሥልጠና ሰጠን። ሰርተፍኬት ወሰዱ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ከዚያ በኋላ አንዳቸውም ብቅ አላሉም። አባቶችማ ከመጀመሪያውም አልመጡም፤ የምንሰበሰበው በሥራ ቀን ጠዋት ነው። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብን። የት ጋ አጠፋን?» (አሠልጣኝ)

ሰርተፍኬቱን ቀድማችሁ ሰጣችሁ። የመጨረሻው ቀን የሥራው መጀመሪያ መሆን ሲገባው ምረቃ ሆነ።

በቺካጎ ሎጋን ስኩዌር በተባለ ሠፈር ከ1995 ጀምሮ የቆየ አሠራር አለ። ወላጆች፣ አብዛኞቹ ስደተኛ እናቶች፣ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያህል ክፍል ገብተው መምህሩን ያግዛሉ፣ ለዚህም መጠነኛ ክፍያ ያገኛሉ፤ ሥልጠናው ከዚያ ጎን ለጎን ይሄዳል። የሚመደቡት ግን የራሳቸው ልጅ ባለበት ክፍል አይደለም። ይህች ትንሽ ደንብ ትልቅ ሥራ ትሠራለች። እናትየዋ የሌላ ሰው ልጅ ማንበብ አቅቶት ስታይ ጥያቄዋ «ልጄ ለምን ዝቅተኛ አመጣ?» ከሚለው ወደ «ይህ ክፍል ስንት መጽሐፍ አለው?» ይዞራል። ከእነዚህ እናቶች መካከል ኋላ ራሳቸው መምህር የሆኑ አሉ።

ለሚቀጥለው ዙር አርባውን ተዉትና አሥራ አምስት ጥሩ። በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱ ወላጅ የሚያናድደውን አንድ ነገር ይምረጥ፤ ችግሩን እናንተ አትምረጡለት፣ ሥልጠና የሚከሽፈው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው። ሥልጠናውን በሳምንት አንድ ቀን እያደረጋችሁ ዘርጉት፣ በመካከሉም የሚሠራ ነገር ስጧቸው፤ አንዱ ሳምንት የሚወስነውን ሰው ስም ይዞ መምጣት፣ ሌላው ሳምንት ያንን ሰው አነጋግሮ መምጣት ይሁን። ሦስት ቀን አዳራሽ ተቀምጦ ስላይድ ያየ ሰው የሚያስታውሰው ሻዩን ነው። አባቶች እንዳልመጡም ሳትጠቅሱ አላለፋችሁም፤ የስብሰባ ሰዓታችሁን እዩት፣ ሁሉም በሥራ ቀን ጠዋት ነው።

«ትምህርት ቤቱ በር ላይ መኪና እየበረረ ያልፋል። ባለፈው ወር አንድ ልጅ ተገጭቶ እግሩ ተሰበረ። ርዕሰ መምህሩ ‹ከአጥር ውጪ ያለው እኔን አይመለከትም› ይላሉ። እኛ ምን እናድርግ?» (ተጨናቂ ወላጆች)

ርዕሰ መምህሩ ያሉት አያስደስትም፣ ግን እውነት ነው። መንገዱን የሚወስኑት እሳቸው ካልሆኑ ቂማችሁን እዚያው ትታችሁ ወደ መንገድና ትራፊክ ባለሥልጣን ሂዱ።

ኔዘርላንድስ ዛሬ የብስክሌት አገር ትባላለች። በ1971 ግን በዚያች ትንሽ አገር 3,300 ያህል ሰው በትራፊክ አደጋ ሞቶ ነበር፤ ከ400 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። ወላጆችና ነዋሪዎች ተደራጅተው «የሕፃናቱ ግድያ ይቁም» በሚል ስም ንቅናቄ ጀመሩ፣ መንገድ ዘጉ፣ ባለሥልጣናትን ወተወቱ። የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስም አገዛቸው፤ መንግሥት ስለ መኪና እንደገና እንዲያስብ ያስገደደው የእነሱ ጩኸት ብቻ አልነበረም።

እናንተ መንገድ ከመዝጋታችሁ በፊት ቁጠሩ። ሁለት ወላጅ፣ አንድ ደብተር፣ ልጆች የሚገቡበት አንድ ሰዓት። በአንዱ ገጽ ያለፈው መኪና፣ በሌላው ገጽ መንገዱን የተሻገረው ልጅ፣ ከሥር ደግሞ መኪናው ፍሬን ስለያዘ ለጥቂት የተረፈው ልጅ ስንት እንደሆነ። ሳምንት ከቆጠራችሁ በኋላ ወረቀቱን ከአንድ ጥያቄ ጋር አስገቡ። «የልጆቻችን ደኅንነት ይጠበቅ» ካላችሁ ሁሉም ይስማማና ፋይሉ ይዘጋል፤ «ከበሩ ግራና ቀኝ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይሠራ» በሉ። መልስ የሚሰጥበትን ቀን ጠይቁ፣ በዚያ ቀን ሁለታችሁ ሂዱ፣ ደብተሩንም ያዙት።