ታንኩን ያስቆመው ሽማግሌ

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ! ዩቲዩብ ላይ አንድ የድሮ ጥቁርና ነጭ የጦርነት ፊልም አየሁ። ሪዛም ገበሬ ልጁን ፍለጋ ግንባር ድረስ ይሄዳል። የወይን ማሳ ሊደመስስ የነበረውን ታንክ ሲያስቆም እንባዬ መጣ። ሰውዬው ተዋናይ ነው ወይስ ካሜራ ፊት ያቆሙት እውነተኛ ገበሬ? ሌላስ ፊልም አለው?
(ብ.፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ብ. ወንድሜ፣ ጥያቄህ ደስ ብሎኛል፤ እኔም ይህን ሰው በጣም እወደዋለሁ። ተዋናይ ነው፣ ያውም የለየለት የቴአትር ሰው። ሰርጎ ዛካሪያዜ ይባላል። አገሩ ጆርጂያ ነው፣ የአሜሪካው ግዛት ሳይሆን ካውካሰስ ላይ ያለችው አገር። ያየኸው ፊልም «የወታደር አባት» ሲሆን ሬዞ ችኼይዜ በ1964 (እ.አ.አ.) የሠራው ነው።

ዛካሪያዜ የተወለደው በ1909 ነው። እንግዲህ አስበው፣ ያንን ሽማግሌ ሲጫወት ገና 55 ዓመቱ ነበር! አካሄዱን፣ ትከሻውን፣ እጁን እያየህ «ይሄ ሰው ዕድሜውን ሙሉ መሬት ሲቆፍር የኖረ ነው» ብትል አልፈርድብህም። እሱ ግን ዕድሜውን የፈጀው በጆርጂያ ዋና ከተማ በትብሊሲ መድረክ ላይ ነው። መጀመሪያ ለረጅም ዓመታት በማርጃኒሽቪሊ ቴአትር፣ ከ1950ዎቹ አጋማሽ በኋላ ደግሞ በሩስታቬሊ ቴአትር። እዚያ ከተጫወታቸው ትልልቅ ሚናዎች አንዱ የጥንታዊው የግሪክ አሳዛኝ ተውኔት ባለታሪክ ንጉሥ ኤዲፐስ ነው። በ1958 የሶቪየት ኅብረት የሕዝብ አርቲስት ተባለ፤ ለአንድ ተዋናይ በዚያ ዘመን ከዚያ በላይ ማዕረግ አልነበረም።

እኔ እንደሚመስለኝ ያ ገበሬ እንደዚያ የገዘፈብን በመድረኩ ምክንያት ነው። የንጉሥ ሐዘን ለመሸከም የሠለጠነ ተዋናይ ነው የገበሬ ካፖርት ለብሶ የመጣው። የወይኑን ቦታ እንደገና እየው። ቦታው ጀርመን ነው፣ የጠላት አገር፣ ወይኑም የጠላት ወይን። እሱ ግን የወይን አገር ሰው ስለሆነ ተክል እንዲያ በከንቱ ሲጨፈለቅ ማየት አይችልም፣ ታንኩ ፊት ይቆምና ወታደሩን እንደ አባት ይቆጣዋል። መጨረሻው ላይ ደግሞ በተኩስ በሚናጥ ሕንፃ ውስጥ የልጁን ድምፅ ከላይኛው ፎቅ ሲሰማ ፊቱ ላይ የሚሆነውን ነገር ልብ በል። ደስታውና ፍርሃቱ አንድ ላይ ነው የሚመጡት። በዚህ ሚና በ1965 በሞስኮ የፊልም ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይ ሽልማት ወስዷል፣ በዓመቱ የሌኒን ሽልማት ተጨመረለት። ለገጸ ባሕርይው ደግሞ ካኼቲ በሚባለው የጆርጂያ የወይን ክልል፣ ጉርጃኒ ከተማ ሐውልት ቆሞለታል።

ሌላ ፊልም ካልከኝ ሁለት አሉልህ። አንዱ ሰርጌይ ቦንዳርቹክ የሠራው «ዋተርሉ» ነው፣ የ1970። ሮድ ስታይገር ናፖሊዮንን ሲጫወት፣ ዛካሪያዜ የፕሩሺያውን አዛዥ ብሉኸርን ሆኗል። ሚናው አጭር ስለሆነች ለእሱ ብለህ ብቻ አትፈልገው።

ሁለተኛውን ግን እንዳያመልጥህ! ጊዮርጊ ዳኔሊያ በ1969 የሠራው «አትዘን» የሚል ፊልም ነው። ዛካሪያዜ እዚያ ላይ ሌቫን የሚባል አዛውንት ሐኪም ነው። መሞቻው መድረሱን ሲያውቅ ወዳጆቹን ይጠራና፣ ምን ሊሉለት እንደሆነ በጆሮው ለመስማት ተዝካሩን በቁሙ ያወጣል። ጠረጴዛ ተዘርግቶ፣ ወይን ተቀድቶ፣ ዘፈን እየተዘፈነ እሱ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። እየሳቅክ ጉሮሮህ ላይ ዕንባ ይተናነቅሃል። የሚገርመው ራሱም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም፣ በ1971 አረፈ። የተቀበረው ትብሊሲን ቁልቁል በሚያየው የምታጽሚንዳ ተራራ ላይ፣ አገሪቱ ታላላቅ ሰዎቿን በምታሳርፍበት መካነ መቃብር ነው።

«አትዘን»ን ስታይ እንግዲህ የግርጌ ጽሑፍ ያለውን ፈልግ፤ በዚያ ማዕድ ላይ የሚባለው ነገር አንዱም ሊያመልጥህ አይገባም።