ያላነበብኩላቸው መስመር

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ቢሮዬ መጣች። እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው የምትኖረው። ወንድሟ የቀን ሠራተኛ ነው። ከሥራ ሲመለስ መንገድ ሲሻገር ባጃጅ ገጭቶት ቀኝ ክንዱ ተሰብሯል። ገና ሳትቀመጥ ስልኳን ከፍታ የአንድ ወረቀት ፎቶ አሳየችኝ።

«ጋሼ፣ የባጃጁ ባለቤት 15,000 ብር ሊሰጠን ነው። ሽማግሌዎቹም ጨርሰዋል። ነገ ይፈርም?»

መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። «ከዚህ አደጋ ጋር በተያያዘ ወደፊት ምንም ዓይነት ጥያቄ ላላነሳ ተስማምቻለሁ» ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር አውቀዋለሁ። በዚህ እጄ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ። አንዱን ጊዜ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ለእናንተ ለወጣቶች ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁም በሱ ምክንያት ነው።

በ1986 ዓ.ም. ጠበቃ አልነበርኩም። 26 ዓመቴ ነበር። ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ትልቅ ጃንጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ራፖር፣ ማለትም የባለጉዳይ አቤቱታና ውል፣ እጽፍ ነበር። በታይፕ ነው፣ ያውም በካርቦን። ክረምት ሲሆን ካርቦኑ እርጥበት ይይዝና ሁለተኛው ቅጂ ይደበዝዛል። ከኔ ጎን አንድ ሽማግሌ በብዕር ይጽፉ ነበር። የእጃቸው ጽሑፍ እንደ ብራና መጽሐፍ ያማረ ነው። ዳኞቹ ሳይቀሩ ያደንቁላቸዋል። እኔ ግን ፈጣን ነበርኩ። ባለጉዳይ የሚመጣውም ለፍጥነቴ ነበር። በፍጥነቴም እኮራ ነበር።

ጳጉሜ ላይ ነው። የዓመት በዓል ገበያ ደርሷል። አንድ አባት የ11 ዓመት ልጃቸውን ይዘው በግ ሊሸጡ በአዘዞ መንገድ ወደ ከተማ ሲገቡ፣ የጭነት መኪና ልጁንም በጉንም ገጨ። በጉ እዚያው ሞተ። የልጁ ጭን ተሰበረ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች አባትዬውንና ባለመኪናውን አስማምተው፣ «ጻፍልን» ብለው ወደኔ መጡ።

ሹፌሩም አብሮ መጥቶ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ጥግ ላይ ቆሞ ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ ያለቅስ ነበር። ባለመኪናውም ቢሆን ገንዘቡን በእጁ ይዞ ነው የመጣው። ማንም ማንንም ሊያታልል አልመጣም። ይህን የምላችሁ ሁሉም ሰው ቅን ሆኖ ሳለ ሰው ሊጎዳ እንደሚችል እንድታውቁት ነው።

አባትዬው አንድ ነገር ብቻ ደጋግመው ይሉ ነበር፦ «የበጉን ለብቻው ጻፈው።» በጉ የራሳቸው አልነበረም፣ ግማሹ የወንድማቸው ነው። ስለዚህ ለብቻው ጻፍኩት። መልኩ ቀይ ቡራቡሬ፣ ዕድሜው ሁለት ዓመት፣ ያልተኮላሸ፣ ዋጋው 90 ብር። ቀጠልኩና «ለልጁ ማሳከሚያ 800 ብር» ብዬ ጻፍኩ። ስለ ልጁ ሌላ ነገር የለም። የትኛው እግሩ እንደተሰበረ እንኳ አልጻፍኩም። ለበጉ ሁለት መስመር ተኩል፣ ለልጁ ግማሽ መስመር።

ከዚያ ያቺን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ። ማንም አላዘዘኝም። ውል የሚያልቀው በሷ ነው ብዬ ነው የጨመርኳት፤ ልማድ ነበረች።

ማንበብ ስለማይችሉ አነበብኩላቸው። የበጉን አነበብኩ። የ800 ብሩን አነበብኩ። የመጨረሻውን ግን ዘለልኩት። ሰው ተሰልፏል፣ ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ጎህ ጎህ ሲል የተነሳ ሰው ሆዱ ባዶ ነው። «ሌላው የወግ ነው» አልኩና አውራ ጣታቸውን ይዤ ቀለሙ ላይ፣ ከቀለሙ ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩት። 3 ብር ተቀብዬ ሸኘኋቸው።

በሐምሌ 1988 ዓ.ም. ተመልሰው መጡ። ልጁን ይዘውት ነበር። 13 ሊሞላው ነው። ቁመቱ አድጓል፣ አንዱ እግሩ ግን አብሮ አላደገም። ጣቱን መሬት እያስነካ፣ ተረከዙን አንጠልጥሎ ነበር የሚራመደው። 800 ብሩ በመጀመሪያው ወር አልቋል። ቀሪውን ወጌሻ ነው ያሸው። አሁን ሐኪም ቤት ወስደውት ኖሮ፣ እግሩ እንደገና ተሰብሮ በቀዶ ጥገና መቃናት አለበት ተብለዋል። ወረቀቱን ከአንገታቸው ሥር ከጨርቅ ውስጥ አወጡት። በክር አስረው ነበር ያስቀመጡት።

«አንብብልኝ እስቲ፣ ልጄ።»

አነበብኩላቸው። በዚያን ቀን ሁሉንም አነበብኩ። ስጨርስ ዝም አሉ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«ይቺን የመጨረሻዋን ያኔ አላነበብክልኝም።»

ቁጣ አልነበረባቸውም። ነገሩን ለማስታወስ ያህል ነው ያሉት። እኔም ምን መለስኩ? «ፈርመዋል እኮ አባት፣ አልቋል» አልኳቸው። ሕግ አዋቂ መስዬ። ልጃቸውን ይዘው ወደ መናኸሪያው ወረዱ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሕግ ስማር ነው እውነቱን ያወቅሁት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1728 ላይ፣ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው አሻራ ሰውየውን አያስገድደውም ይላል፤ የሚያስገድደው ውል አዋዋይ፣ ሬጅስትራር ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ሲያረጋግጠው ነው። የኔን ወረቀት ማንም አላረጋገጠውም። ቁጥር 2143 ደግሞ የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት ይላል። ቀኑን ቆጠርኩት። አባትዬው እኔ ጋ ሲመጡ አርባ ቀን ገደማ ቀርቷቸው ነበር። ያን ቀን ደረጃውን ወጥተው ዳኛ ቢጠይቁ የሚሰማቸው ያገኙ ነበር። «አልቋል» ብዬ ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ።

ያን ማታ መጽሐፉን ዘግቼ ቤቴ ውስጥ ስንጎራደድ አደርኩ። በኋላም ቅዳሜ ገበያ ስሄድ ዓይኔ ያነክስ የነበረውን ልጅ ይፈልጋል። አላገኘሁትም። መንደራቸውን እንኳ ወረቀቱ ላይ በቅጡ አልጻፍኩትም ነበር።

እንግዲህ ምክር ከተባለ።

ፖሊስ ጥሩ፣ ሐኪም ቤት ሂዱ አልላችሁም። እሱን ታውቁታላችሁ። የምላችሁ፣ ቁስል ሳይደርቅ አትፈርሙ ነው። አጥንት ይያዝ አይያዝ በሦስት ቀን አይታወቅም። ሐኪሙ የሚለውን ስሙ፣ ዘላቂ ጉዳት ካለ የሕክምና ቦርድ በመቶኛ ያስቀምጠው። ሕጉ ካሳው ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን ነው የሚለው። ወደፊት መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳትም ከአሁኑ ይጠየቃል። ግን ያልተለካ ነገር እንዴት እኩል ይሆናል?

ደረሰኝ አትጣሉ። የመድኃኒቱን፣ የራጁን፣ የታክሲውን። በቀን ሥራ የሚኖር ሰው የደሞዝ ወረቀት የለውም፤ ስንት ያገኝ እንደነበር አብረውት የሠሩ ሰዎች ይመስክሩለት። ዳኛ አዝኖ ብቻ ገንዘብ አይፈርድም፣ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል።

ብዙ ሰው ጥፋት ካላሳየሁ ካሳ የለም ብሎ ይቀራል። በተሽከርካሪ ላይ እንዲህ አይደለም። በቁጥር 2081 መሠረት ባለንብረቱ ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። ጉዳቱ በተጎጂው ጥፋት ብቻ የደረሰ ከሆነ ነው የሚያመልጠው። ሹፌሩ በወንጀል ነፃ ወጣ ተብሎ ተስፋ የቆረጠ ሰውም አይቻለሁ። የወንጀሉ መዝገብ ነፃ ቢያወጣው የካሳው ዳኛ በዚያ አይታሰርም። በተገላቢጦሽ ደግሞ «የወንጀሉ ይለቅ» እያሉ ሲጠብቁ ሁለት ዓመቱ ያለፈባቸው አሉ። ድርጊቱ ወንጀል ሲሆን ጊዜው ሊረዝም የሚችልበት መንገድ አለ፤ እሱን ግን አትመኩበት። ሁለቱን ዓመት ቁጠሩ።

ሌላው መድን ነው። ማንኛውም መኪና የሦስተኛ ወገን መድን፣ ማለትም መኪናው ለሚጎዳው ሌላ ሰው የሚከፍል መድን፣ እንዲኖረው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ያስገድዳል። መስታወቱ ላይ የምትለጠፈዋ ስቲከር እሷ ናት። አዋጁ ሲወጣ ለአካል ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር፤ የዛሬውን ልክ መድን ድርጅቱ ጋ ጠይቁ። ጉዳቱ ከዚያ ከበለጠ ቀሪው ከባለንብረቱ ይጠየቃል። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው ከሆነ ደግሞ ለዚሁ የተቋቋመ ፈንድ አለ። ይህን የማያውቅ ሰው ብዛቱ ያሳዝነኛል።

የሚያናድደኝንም ልንገራችሁ። የህሊና ጉዳት፣ ማለትም የሐዘንና የስሜት ጉዳት፣ ካሳ በሕጉ ከ1,000 ብር አይበልጥም። በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ልጇን ላጣች እናት ይህን ስናገር አንገቴን እደፋለሁ። ይህን ሕግ የምትለውጡት እናንተ ናችሁ፣ በተለይ ሕግ የምትማሩት።

እናንተን በተመለከተ ቅር የሚለኝ ነገር አለ። ፒያሳ ላይ ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚወጣው ስልክ ነው። በኛ ጊዜ መጀመሪያ የሚወጣው ነጠላ ነበር፣ ደም ለማሰር። የሰው ልጅ እየጮኸ እንዴት ይቀረፃል? ደግሞ ይህን ብዬ ሳልጨርስ፣ ባለፈው ዓመት አንድ መዝገብ ያሸነፍኩት አንድ ጎረምሳ በቀረፀው ቪዲዮ ነው። ታርጋው፣ የመኪናው አቋቋም፣ የጎማው ምልክት ሁሉ ነበረበት፤ የትራፊክ ፖሊሱ ፕላን፣ የአደጋው ቦታ ንድፍ፣ ያልያዘውን ይዞ ነበር። ስለዚህ ቅረፁ። ግን መጀመሪያ ሰውየውን አንሱት።

ሽምግልናን ጠላሁ ብላችሁ እንዳታስቡ። ከያዝኳቸው ጉዳዮች ግማሹ በሽምግልና ነው ያለቀው። ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያሰለቻል፣ ጎረቤትንም ያቆራርጣል። የምጠይቀው ሽማግሌዎቹ ትንሽ ቀን እንዲሰጡ ነው፤ ልጁ ቆሞ እስኪሄድ። ስምምነቱም ፍርድ ቤት ቀርቦ ይጽደቅ፣ በተለይ የተጎዳው ሕፃን ከሆነ። የዳኝነት ክፍያ የሌለው ሰው በድህነት ለመክሰስ ማመልከት ይችላል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። እኔ ራፖር በምጽፍበት ዘመን ይህ ቢኖር፣ አባትዬውን «አልቋል» ከማለት ወደዚያ ብልካቸው፤ ስንቴ አስቤዋለሁ።

ልጅቷን «ነገ አይፈርምም» አልኳት። ደነገጠች። «ሰውየው ሐሳቡን ቢቀይርስ ጋሼ? የቤት ኪራይ አለብን» አለች። እውነቷን ነው። የተራበ ሰው ጠብቅ ሲባል ያማል፤ አባትዬውም በዚያ ጳጉሜ የያዙት ሌላ ገንዘብ አልነበረም። ስለዚህ ለባጃጁ ባለቤት ደወልኩ። ለጊዜው 5,000 ብር ለማሳከሚያ እንዲሰጥ፣ ደረሰኙ ላይም «ለሕክምና በከፊል የተከፈለ» ብቻ ተብሎ እንዲጻፍ ተስማማን። ሌላ ቃል አይጨመርበትም። ለባጃጁ መድን ድርጅትም ጉዳዩን በጽሑፍ እናሳውቃለን።

ሐሙስ ወንድሟን ይዛው ትመጣለች። ጂፕሱ ገና አልወለቀም፤ በግራ እጁ ነው የሚፈርመው። እሱ ብዙ ማንበብ አይወድም አለችኝ። ችግር የለም፣ እኔ አነብለታለሁ።