«እርጉዝ እርጉዝ ይለኛል»፦ የእርግዝና መከላከያ ካቆማችሁ በኋላ

ባለፈው ሳምንት «መከላከያ ያቆማችሁ ጠይቁኝ» ብዬ ስልኬ እንቅልፍ ነሳኝ። ለማታውቁኝ፣ ባሕር ዳር ጤና ጣቢያ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ አብዛኛውን ዕድሜዬን የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ነው የፈጀሁት። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ስም አልጠራም፤ ከተማችን ትንሽ ናት።

ሲስተር፣ የሦስት ወር መርፌ ለሁለት ዓመት ወስጄ አቆምኩ። የመጨረሻውን የተወጋሁት ጥር ላይ ነው። ይኸው ነሐሴ ሆነ፣ የወር አበባዬ አልመጣም። ጡቴ ያብጣል፣ ያቅለሸልሸኛል፣ ሆዴ ይነፋል። ሁለቴ በሽንት ተመርምሬ ኔጌቲቭ ነው። ምን ሆኜ ነው? (ከዓባይ ማዶ)

እህቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ነው የምውለው። መርፌው ውስጥ ያለው ፕሮጄስትሮን የሚባለውን የሴት ሆርሞን የሚመስል ነው። ጡንቻሽ ውስጥ ይቀመጥና ቀስ እያለ ወደ ደም ይገባል። ቀጠሮሽ በ3 ወር ነው ማለት መድኃኒቱ በ3ኛው ወር ተጠራርጎ ይወጣል ማለት አይደለም። ጥቂት ጥቂት እያለ ወራት ይቆያል። እሱ እስካለ ደግሞ እንቁላል አይወጣም፣ ወርም አይመጣም።

አንድ ቀን ግን እንቁላል መውጣት ይጀምራል። እንቁላል ከወጣ በኋላ ሰውነትሽ የራሱን ፕሮጄስትሮን ያመርታል። ጡት የሚያሳብጠው፣ አንጀትን አዘግይቶ ሆድ የሚነፋው፣ በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኘው እሱ ነው። በእርግዝና መጀመሪያ ላይም ይኸው ሆርሞን ይኸንኑ ይሠራል። ጡትሽ ሆርሞኑ ከየት እንደመጣ አያውቅም፤ ማበጥ ብቻ ነው ሥራው። ስለዚህ ስሜትሽ ውሸት አይደለም፣ ግን ማስረጃም አይደለም።

ቀኑን ደግሞ ከመጨረሻው መርፌ ጀምረሽ ቁጠሪ። ይህን መርፌ ያቆሙ ሴቶች ለማርገዝ በአማካይ ከመጨረሻው መርፌ ወደ 10 ወር ይፈጅባቸዋል። ጥር ላይ የተወጋሽ ኅዳር ላይ ትደርሻለሽ። ቀድማ የምታረግዝ አለች፣ ከዓመት በላይ የምትቆይም አለች። ገና ነሐሴ ላይ ነሽና አትደንግጪ።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። እንቁላሉ ከደሙ ይቀድማል። ስለዚህ ወርሽን ሳታዪ ልታረግዢ ትችያለሽ። ልጅ የማትፈልጊ ከሆነ «ወሬ ስላልመጣ አላረግዝም» ብለሽ አትዘናጊ። ከባልሽ ጋር እየተገናኘሽ ወርሽ እስካልመጣ ድረስ በየወሩ ተመርመሪ። ከመጨረሻው መርፌ ዓመት ሞልቶት ምንም ካልመጣ ያኔ ነይ፣ እናየዋለን።

ልጄ መርፌ ትወስድ ነበር። ማህፀን ያደርቃል ይላሉ። ያ ሁሉ ወር ያልፈሰሰው ደምስ የት ተጠራቀመ? ሆዷ የተነፋው ለዚያ አይደለም? (እናት፣ ከዘጌ)

እማማ፣ አልተጠራቀመም። የወር አበባ የሚመጣው የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን በየወሩ ወፍሮ ሲረግፍ ነው። መርፌው ሽፋኑ እንዳይወፍር ያደርገዋል። የዘጌ ሰው ስለሆኑ በቡና ልንገርዎ፤ ካላፈራ ዛፍ የሚረግፍ ቡና የለም። ልጅዎ ሆድ ውስጥ የታሰረ ደም የለም። ማህፀኗም አልደረቀም፤ መርፌው ያዘገያል እንጂ አያመክንም። ደም እንዲያመጣ ተብሎ የሚሰጥ ቅጠል ካለ ግን እባክዎ አያስጠጧት። ምናልባት አርግዛ ቢሆንስ?

ክንዴ ላይ የተቀበረውን መከላከያ ካስወጣሁ 5 ሳምንት ሆነኝ። ወር የለም። የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ ነፍሴ ነበር፣ አሁን ሽታው ከጣና ዳር ያስሮጠኛል። እንደ መርፌው ይዘገያል ብለውኝ ዝም ብያለሁ።

ማነው ያለሽ? ዛሬውኑ ተመርመሪ። የክንዱ እንደ መርፌው አይደለም። ዘንጉ ከወጣ በሳምንት ገደማ ሆርሞኑ ከደም ይጠፋል፣ በሳምንታት ውስጥ እንቁላል ሊወጣ ይችላል። ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕም እንዲሁ ነው፤ ካወጣሽው የሚጠበቅ ነገር የለም። መዘግየት የመርፌው ጠባይ ነው።

ክኒን አቁሜ በሦስተኛው ቀን ደም መጣ። ወር ነው?

አይደለም። ሆርሞኑ ሲቋረጥ ሽፋኑ የሚረግፍበት ደም ነው። የራስሽ ወር በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ይመጣል። 3 ወር ካለፈው ተመርመሪ።

ምርመራው ላይ አንዷ መስመር ደማቅ ናት፣ ሁለተኛዋ እንደ ጥላ ናት። ቀን ሙሉ ሳያት ዋልኩ። አለ ነው የለም?

ቀን ሙሉ ማየትሽ ነው ችግሩ። አንዲት እህት ወረቀቱን በሶፍት ጠቅልላ ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየችኝ። ማታ ነበር የነከረችው፣ እኔ ያየሁት በማግስቱ። መስኮቱ ጋ ወስጄ ሳዘነብለው ግራጫ ጭረት አለ፣ ቀለም ግን የለውም። ሽንቱ ሲደርቅ የሚተወው ነው። በጠዋት ሽንቷ አዲስ ነከርን፤ አንድ መስመር ብቻ ወጣ። አለቀሰች፣ የደስታ ይሁን የሐዘን አልጠየቅኳትም።

ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ደቂቃ አንብቢና ጣይው። በዚያ ደቂቃ ውስጥ ቀለም ያላት መስመር ከወጣች፣ ብትደበዝዝም «አለ» ነው፤ ከ2 ወይ 3 ቀን በኋላ ድገሚው። ከግንኙነት በኋላ 3 ሳምንት ሳይሞላ የተመረመርሽውን ኔጌቲቭ አትመኚው። መርፌውም ክኒኑም ውጤቱን አያዛቡም፤ ምርመራው የሚፈልገው ከፅንስ ጋር የሚመጣውን ሆርሞን ነው።

ባለቤቴ መከላከያ ካቆመች 7 ወሯ ነው። ወሯ በጊዜው ይመጣል። እኔ ልመርመር ወይስ እሷ? (ወንድ ነኝ፣ ይቅርታ)

ወንድሜ፣ ምን ይቅርታ ያስፈልገዋል፤ እንዳንተ የሚጠይቅ ቢበዛ ሥራችን ይቀል ነበር። ያለ መከላከያ ዓመት ሞክሩ። እሷ ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች ከ6 ወር በላይ አትጠብቁ። ስትመጡ ሁለታችሁም ኑ። የወንድ ምርመራ ከሴቷ ይቀላል፣ ግን ወንዶቻችን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጡት።

ማቅለሽለሹ ከመከላከያው ነው ብዬ ወር ሙሉ ታገስኩ። አሁን ብርድ ብርድ ይለኛል።

ብርድ ብርድ ማለት ሆርሞን አይደለም! ዝናቡ አቁሞ ውሃ በተኛበት በመስከረምና በጥቅምት እኛ አገር ትኩሳትና ማቅለሽለሽ ሲመጣ መጀመሪያ ወባ ነው የምናስበው። ለምርመራ ደም ስጪ። እርግዝናም ካለ መድኃኒት ከመጀመርሽ በፊት ንገሪያቸው። በነገራችን ላይ፣ «ሆርሞን ነው» ተብሎ የሚመጣው ማቅለሽለሽ ስንት ጊዜ ጃርዲያ ወይ ጨጓራ ሆኖ አግኝተነዋል። በጾም እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ ቆይቶ ሦስት ስኒ ቡና ለሚጠጣ ሰው መርፌ መክሰስ ምን ይሉታል?

በአንድ ጎኔ ከእንብርቴ በታች ይወጋኛል። ወሬ ዘግይቷል፣ ትንሽ ደም አለ፣ ትናንት ገበያ ውስጥ አዞረኝ።

ማንበቡን ተዪና ባጃጅ ጥሪ። ወደ ጤና ጣቢያ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል። ከማህፀን ውጭ የተቀመጠ እርግዝና እንዲህ ነው የሚጀምረው፤ ትከሻ ላይ ሕመም ከተጨመረበት ሆድ ውስጥ እየደማ ሊሆን ይችላል። ብቻሽን አትሂጂ።

ልጅ የለኝም፣ ጡቴን ስጫነው ግን ወተት የመሰለ ይወጣል።

አትጫኚው፤ በተጫንሽው ቁጥር ይብሳል። መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ። እሱ ከሌለ ፕሮላክቲን የሚባለውን ወተት የሚያመርት ሆርሞንና የእንቅርት ሆርሞንን በደም እናያለን። የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይዘሽ ነይ፤ የአእምሮና የማስታወክ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ይህን ያመጣሉ።

አቁሜያለሁ፣ ልጅ እየጠበቅሁ ነው። እስኪመጣ ምን ላድርግ?

ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚን ውሰጂ። በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ከማርገዝሽ ቢያንስ ከ1 ወር በፊት ጀምሪ። የልጁ ጀርባና አንጎል የሚሠራው ብዙዎቻችን ማርገዛችንን ሳናውቅ ነው። ዋጋውም ርካሽ ነው። እና የመጨረሻውን መርፌ የተወጋሽበትን የቀጠሮ ካርድ አትጣይው፣ ስትመጪ መጀመሪያ የምጠይቅሽ እሱን ነው።